ከፏፏቴው እስከ ስፒከሩ፦ ድምፅ የሚለውጠው ገመዱ ነው ወይስ መንገዱ?

ከደብረ ታቦር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ስሙን በታሪክ መጽሐፍ ላይ ሳታገኙት አትቀሩም። አጼ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩበት መንደር ነው። ከዚያ የወጣው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ይባላል፤ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራው መድፉ እንዴት እንደተሠራ ነው። ግን ከመሥራቱ የማይተናነሰው ጣጣ መንገዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ አዲስ መንገድ እየተቀየሰ ያን ሁሉ ብረት በሰው ጉልበት መጎተት ወራት ፈጀ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ አንድ ነገር ከሩቅ ቦታ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ዋናው ችግር ብዙ ጊዜ ያለው በረጅሙ መንገድ ላይ እንጂ በመጨረሻዋ እርምጃ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ዛሬው ጥያቄ። ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ጥሩ አምፕሊፋየርና ጥሩ ስፒከር ይገዛሉ። በዓለም ገበያ ግን ከዚያ አልፎ ከግድግዳው ሶኬት እስከ አምፕሊፋየሩ የሚዘረጋ ልዩ የመብራት ገመድም ይሸጣል። አንዳንዱ ገመድ ዋጋው ከአምፕሊፋየሩ ይበልጣል። ባሱ ይጠልቃል፣ ድምፃዊው ፊት ለፊታችሁ የቆመ ያህል ይሰማችኋል ይባልለታል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሌላ ነገር ነው፦ ቀን ላይ ጥሩ የነበረው ድምፅ ማታ ይሰነጠቃል፤ ከስፒከሩ ውስጥ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ይሰማል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃው ይቃጠላል።

ታዲያ መብራት ድምፅን ይለውጣል ወይ? አዎ፣ ይለውጣል። ገመዱስ? እሱን ለመመለስ መንገዱን ከመጀመሪያው እንከተል።

ሶኬት ያልነበረበት ዘመን

በኢትዮጵያ የተቀረፀ ድምፅ ታሪክ የሚጀምረው ያለ መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአጼ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታቸውን በፎኖግራፍ ቀርፀው ላኩ። በቀጣዩ ዓመት አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው መንገድ በድምፃቸው መለሱ። መሣሪያው ውስጥ አንድም የኤሌክትሪክ ክፍል ለድምፁ አያስፈልግም። ተናጋሪው በቀንድ ውስጥ ሲናገር አየሩ ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ሽፋኑ መርፌ ያንቀጠቅጣል፤ መርፌው በሚሽከረከር ሰም ላይ ጭረት ይተዋል። ለማዳመጥ ደግሞ ይኸው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኋላ ላይ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሳሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረፁ። ሸክላ በማይክሮፎንና በአምፕሊፋየር መቅረፅ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ስለዚህ የተሰማ ድምፅ የተቀረፀው በቀንዱ ብቻ፣ በራሱ በድምፁ ጉልበት ነው። ሸክላውን የሚያጫውተው ግራሞፎንም በእጅ ነበር የሚጠመዘዘው። እጀታውን ስታዞሩት ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይጠነክራል፤ ስፕሪንጉ ሲፈታ ደግሞ ሸክላውን ያሽከረክራል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እናገኛለን። ስፕሪንጉ ሲደክም ሸክላው ይዘገያል። ሸክላው ሲዘገይ መርፌው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚነካው ጭረት ያንሳል፤ ስለዚህ ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁም ይወፍራል። መብራት ሳይመጣ፣ ሶኬት ሳይኖር፣ የኃይል ምንጭ ሲደክም ድምፅ እንደሚበላሽ ሰው አይቷል ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ የምንሰማው ድምፅ ጉልበቱን ከአንድ ቦታ ማግኘት አለበት። ያ ቦታ ሲናጋ ድምፁም ይናጋል።

ውሃው መብራት ሲሆን

ኤሌክትሪክ ኢትዮጵያ የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቤተ መንግሥቱን ለማብራት ነው። ከዚያ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። «መብራት ኃይል» የሚለው አጠራር እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የጣና አካባቢ ሆነ፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በሚወረወርበት በጢስ ዓባይ 11 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጭ ጣቢያ ተከፈተ። ያ ኃይል ባሕር ዳርንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን አንቀሳቅሷል።

ከነዚህ ጣቢያዎች የሚወጣው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ነው፤ በሽቦው ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። በኢትዮጵያ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርትዝ የምንለው ይህን ነው። ቤታችን የሚደርሰው ቮልቴጅ 220 ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን 60 ኸርትዝና 120 ቮልት ገደማ ነው።

የ10 ኸርትዝ ልዩነት ለድምፅ ምን ያደርጋል? በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የአገሩን ዘፋኞች በሸክላ ማሳተም ጀመረ። የዚያን ጊዜ ትናንሽ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ እንዲዞሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በዚያ ዘመን በብዙ ሸክላ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርትዝ ነው። መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከተመላለሰ ሞተሩ በዚያ ልክ ይዞራል።

አሁን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ እንዲህ ያለ ማጫወቻ ወደ አዲስ አበባ መጣ እንበል። ባለቤቱ ጠንቃቃ ስለሆነ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛ። ዕቃው አይቃጠልም፤ ጥሩ ነው። ግን ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርትዝ አይለውጥም። ስለዚህ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል። የ3 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይወስዳል። ድምፁም ፒያኖ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ ብትቆጥሩ ከሦስት ቁልፍ ትንሽ በላይ ይወርዳል። የብዙነሽ በቀለን ሸክላ በዚህ ማጫወቻ ብትሰሙት ድምፃዊቷን ሌላ ሰው ናት ልትሉ ትችላላችሁ።

የሚገርመው ትዝታው ትዝታ፣ አንቺ ሆዬውም አንቺ ሆዬ እንደሆነ ይቀራል። ለምን? ቅኝት የሚወሰነው በድምፆቹ መካከል ባለው ዝምድና ነው። ሁሉም ድምፅ በእኩል መጠን ሲወርድ ዝምድናው አይነካም። በመብራት ምክንያት ድምፅ እንዲህ በግልጽ የሚለወጥበት ሌላ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል፤ ይህንንም ቢሆን የትኛውም ውድ ገመድ አያስተካክለውም። ዛሬ ያሉ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን የሚያገኙት በውስጣቸው ካለ ሰዓት መሰል ክፍል ስለሆነ ይህ ችግር የላቸውም።

ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት

የመብራት መስመር ከተሞችን ሲደርስ ገጠሩ ጨለማ ውስጥ ነበር። የደቡብ ጎንደር ደጋም እንደ ሌላው ገጠር ሬዲዮና ቴፕ የሰማው በድንጋይ ነው። ድንጋይ ስንል ያው ባትሪውን ነው። በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካሴት የሸክላን ቦታ ሲወስድ ድንጋይ የማታ እንግዳ ሆነ፤ ዘፈኑም፣ ዜናውም፣ መዝሙሩም በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ድንጋዩ ሲደክም ምን ይሆን ነበር? የካሴቱ ዘፈን ይጎተታል ይሏችኋል። ሬዲዮው ግን አይጎተትም፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ከፍ ሲደረግ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ለምን ተለያዩ? የካሴቱን ፍጥነት የሚሰጠው እቤት ያለው ሞተር ነው፤ ሞተሩ ሲደክም ዘፈኑ ይደክማል። የሬዲዮው ዘፈን ግን የሚጫወተው ሩቅ ያለው ጣቢያ ውስጥ ነው። እናንተ ጋ ያለው ድንጋይ የጣቢያውን ፍጥነት አይነካውም፤ የሚነካው የሚያጎላበትን አቅም ብቻ ነው።

ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ማስጣትስ? ብዙ ሰው ይህን ያደርግ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም ይሠራል። ፀሐይዋ ድንጋዩን አትሞላውም። እያንዳንዱ ባትሪ በውስጡ ፍሰትን የሚያግድ ነገር አለው፤ ባለሙያዎች የውስጥ ሬዚስታንስ ይሉታል። ድንጋዩ እያረጀ ሲሄድ ይህ እገዳ ይጨምራል። ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይፈጥናል፣ እገዳውም ይቀንሳል፣ የቀረችው ጉልበት ትንሽ ቀለል ብላ ትወጣለች። ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። (እሳት አጠገብ ማድረግ ግን አይሞከርም፤ ሊፈነዳ ይችላል።)

ይህችን እገዳ አትርሷት። የድምፅና የመብራት ታሪክ ዋና ተዋናይ እሷ ናት። ከበሮው «ድም!» ሲል አምፕሊፋየሩ በዚያች ቅጽበት ብዙ ፍሰት ይጠይቃል። በመንገዱ ላይ እገዳው ትልቅ ከሆነ፣ ብዙ ፍሰት በተጠየቀ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ያረጀ ድንጋይ ያለው ሬዲዮ ባሱ ሲመታ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

የጎረቤት ምጣድ

በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ አሻግሮ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከጢስ ዓባይ የመጀመሪያ ጣቢያ ጋር ስታነጻጽሩት 40 እጥፍ ነው። መስመሩ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ቀበሌ ተዘረጋ። ድንጋይ የነበረበት ቤት ሶኬት ገባ። የእገዳው ታሪክ ግን አላበቃም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። ከባትሪው ሆድ ወጥቶ ከቤታችን ውጭ ባለው ሽቦ ላይ ሰፈረ።

ኤሌክትሪክ ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው በጣም ከፍ ባለ ቮልቴጅ ነው፤ በዋና ዋናዎቹ መስመሮች እስከ 400 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ምክንያቱም ያንኑ ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ስትልኩት የሚያስፈልገው ፍሰት ያንሳል፤ ፍሰቱ ሲያንስ በሽቦው ላይ የሚባክነውም በጣም ያንሳል። ከተማ ሲደርስ ወደ 33 ሺህ ወይም 15 ሺህ ይወርዳል። በመጨረሻ ሰፈራችሁ ያለው፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 220 ያወርደዋል። ከዚህ በኋላ ነው ፍሰቱ የሚበዛው፣ ስለዚህም የመንገዱ እገዳ ጎልቶ የሚታየው።

እስኪ እናስላው። ቤታችሁ ከትራንስፎርመሩ 400 ሜትር ይርቃል፣ ሽቦው 25 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ነው እንበል። ፍሰቱ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 800 ሜትር ነው። የዚህ ሽቦ እገዳ 0.9 ኦም ገደማ ይሆናል። አሁን አጠገባችሁ ያለ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰካ። ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይበላል፤ ይህ 16 አምፒር ገደማ ፍሰት ነው። 16 በ0.9 ሲባዛ 14 ቮልት ያህል ነው። ሁለተኛ ጎረቤት በዚያው መስመር ላይ ምጣዱን ቢጨምር በድምሩ ወደ 29 ቮልት ይጠፋል። ከትራንስፎርመሩ 220 ሆኖ የወጣው እናንተ ጋ ሲደርስ 191 ገደማ ነው። አምፖሉ የሚደበዝዘው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ገመድ እናስላ። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው፣ 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ገመድ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ እገዳው 0.05 ኦም ገደማ ነው። አምፕሊፋየሩ 2 አምፒር ቢወስድ፣ ይህ ለቤት ብዙ ነው፣ ገመዱ ላይ የሚጠፋው 0.1 ቮልት ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ 29 ቮልት በመንገዱ፣ 0.1 ቮልት በገመዱ። ገመዱን በወርቅ ለውጣችሁ እገዳውን ወደ ዜሮ ብታወርዱት እንኳ የምታተርፉት ያቺን 0.1 ብቻ ነው። የጎረቤት እንጀራ እስኪያልቅ መጠበቅ 29 ቮልት ያስገኛል፤ ከዕድለኛነት ጋር ትኩስ እንጀራም ሊያስገኝ ይችላል።

አምፕሊፋየሩ የሚጠጣው ከሮቶ ነው

«እሺ፣ ቮልቴጁ 191 ሆነ፤ ድምፁ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልክ ናችሁ። መልሱ አምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ውስጥ ሰው ሮቶ ያስቀምጣል። ውሃው ቆይቶ ቆይቶ ቢመጣም፣ ቤተሰቡ ከሮቶው ሳያቋርጥ ይቀዳል። አምፕሊፋየርም እንዲሁ ነው። ከሶኬቱ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፤ ለሙዚቃ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ የረጋ ኃይል ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያወርደዋል። ከዚያ ዳዮዶች እንደ በር ሆነው ፍሰቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋሉ። ቀጥሎ ካፓሲተር የተባሉት ሮቶዎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሞላሉ። ሙዚቃው የሚቀዳው ከካፓሲተሩ ነው።

ቮልቴጁ ሲወርድ ሮቶው እስከ ጫፉ አይሞላም። ዝቅ አድርጋችሁ ስታዳምጡ ልዩነት የለም፤ ግማሽ ሮቶም ለአንድ ኩባያ ይበቃል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ስትለቁት ግን በ220 ሊሰጥ ይችል ከነበረው ከፍተኛ ኃይል በ191 ሩብ ያህሉ ይቀንሳል። ሩብ ትልቅ ይመስላል፤ ጆሯችን ግን ይህን የሚሰማው 1 ዴሲቤል ገደማ አድርጎ ነው፣ በጣም ትንሽ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የሙዚቃው ሞገድ ከሮቶው በላይ ሲጠይቅ ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠ ጫፍ በዘፈኑ ውስጥ ያልነበሩ ሻካራ ድምፆችን ይፈጥራል። በሠርግ ድንኳን ሞንታርቦው ሲሰነጠቅ የሰማችሁት ይህ ነው። በጀነሬተር ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ትንሽ ጀነሬተር ብዙ ፍሰት በድንገት ሲጠየቅ ወዲያው ይደክማል።

የቤታችሁን አምፕሊፋየር ጀርባ አንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከተጻፈበት ኃይሉን ራሱ የሚያስተካክል ዓይነት ነው፤ ለ191ም ለ220ም ግድ የለውም። «220 ቮልት» ወይም «230 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሮጌው ዓይነት ስለሆነ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይወርዳል።

«እምምም» የሚለው ከየት መጣ?

ሌላው የመብራት አሻራ ጉርምርምታው ነው። ሁለት ዋና ምንጮች አሉት። አንደኛው ሮቶው ራሱ ነው። ካፓሲተሮች ያረጃሉ፤ ሲያረጁ መያዝ የሚችሉት ያንሳል። ያኔ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚሆነው መሙላትና መጉደል ወደ ሙዚቃው ይገባል። ያረጀ ቴፕ ወይም አምፕሊፋየር ዘፈን ሳይኖር እንኳ የሚያጉረመርመው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ጥገናው ካፓሲተር መቀየር ነው። ይህን ባለሙያ ይሥራው፤ መብራቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር ውስጥ አደገኛ ኃይል ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው የመሬት ሽቦው ነው፤ ኤሌክትሪሺያኖች «ኤርዝ» የሚሉት። አምፕሊፋየሩ በአንድ ግድግዳ፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ግድግዳ ተሰክተው በድምፅ ገመድ ሲገናኙ፣ በሁለቱ ኤርዞች መካከል ክብ መንገድ ይፈጠራል። በዚያ ክብ ላይ ትንሽ ፍሰት ትዞራለች፣ ስፒከሩም «እምምም» ይላል። መለየቱ ቀላል ነው፦ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀሉና በባትሪው አጫውቱ። ጉርምርምታው ከጠፋ ጥፋቱ የክቡ ነው። መፍትሔውም በነፃ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ ብዙ ጊዜ ይጠፋል ወይም ይቀንሳል።

አንዳንድ ሰው ጉርምርምታውን ለማጥፋት የሶኬቱን ኤርዝ ይቆርጣል። ጉርምርምታው ሊጠፋ ይችላል። አደጋው ግን እዚህ ነው። ኤርዝ የተሠራው ለድምፅ ሳይሆን ለሕይወት ነው። የውስጥ ሽቦ ተላጦ የዕቃውን ብረት ቢነካ፣ ፍሰቱ በኤርዝ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፣ ፊውዙም ይቆርጣል። ኤርዝ ከሌለ ያ ብረት እጃችሁን ይጠብቃል። ለዘፈን ጥራት ብሎ ኤርዝ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ታዲያ ገመዱ ምንም አይደለም?

አይደለም አላልኩም። መጥፎ ገመድ በእርግጥ ይጎዳል። ሶኬቱ ውስጥ የሚወዛወዝ መሰኪያ ይቆራረጣል፣ ስፒከሩ «ጧ! ጧ!» ይላል፣ የተገናኘበት ቦታ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በጣም ቀጭን ሆኖ በጣም የረዘመ ማከፋፈያ ቮልቴጅ ያወርዳል። የመብራት ገመድ ከድምፅ ገመድ ጋር ተጠቅልሎ አብሮ ከሄደ ጉርምርምታ ሊያስገባ ይችላል፤ ለያይቷቸው፣ መተላለፍ ካለባቸውም መስቀልኛ ይተላለፉ። ጤናማ፣ በቂ ውፍረት ያለው፣ ኤርዝ ያለው ተራ ገመድ ካላችሁ ግን ከዚያ በላይ ያለው ውድ ገመድ ለሮቶው የሚጨምረው የሚሰማ ነገር የለም።

«እኔ ግን ልዩነቱን ሰምቻለሁ» የሚል ሰው አለ። አይዋሽም፤ ጆሯችን ዓይናችንንና ኪሳችንን ይሰማል። ብዙ ብር ያወጣንበት ነገር የተሻለ እንዲሰማን ልባችን ይመኛል። ስለዚህ ክርክሩን በሙከራ ፍቱት። ጓደኛችሁ ሳንቲም ይወርውር፤ ዘውድ ወይም ጎፈር። በወጣው መሠረት፣ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ፣ ከሁለቱ ገመዶች አንዱን ይሰካ። እናንተ ሳታዩ አዳምጣችሁ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። 10 ጊዜ ድገሙት፤ ድምፁን አንዴ ካስተካከላችሁ በኋላ አትንኩት።

ከ10ሩ 7 ብታገኙ አትፎክሩ፤ ምንም ሳይሰማ በግምት ብቻ 7 እና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ሰው ከ6 አንድ ገደማ ነው። 9 ወይም 10 ካገኛችሁ ግን ነገሩ ይለያል፤ በግምት ይህን የሚያገኘው ከ100 አንድ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ድገሙት፤ ከተደገመ አንድ ነገር አግኝታችኋል፣ ምክንያቱንም መፈለግ ትችላላችሁ።

ብራችሁን የት ታውሉት?

ድምፅ የሚለውጠውን መንገድ አሁን አወቃችሁት። ስለዚህ መጀመሪያ ቮልቴጁን በባለሙያ አስለኩ፤ ቀን አንዴ፣ ሰው ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት አንዴ። ብዙ የሚዋዥቅ ከሆነ ለልዩ ገመድ ልታወጡት ያሰባችሁትን ጥሩ ስታብላይዘር ግዙበት። ኤርዝ በትክክል መሠራቱን አረጋግጡ። የላላውን ሶኬት አስቀይሩ። መብራት ሲሄድ ዕቃውን ንቀሉ፣ ተመልሶ እስኪረጋም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በመመለሻው ቅጽበት ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ብር ካለ ስፒከር ላይ አውሉት፤ ከሙዚቃ ዕቃዎች ሁሉ ድምፁን ይበልጥ የሚለዋውጠው እሱ ነው።

ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ያደረሱት ሰዎች ከድካሙ አብዛኛው የት እንዳለ በትከሻቸው አውቀውታል። የእናንተ ትከሻ አይደክምም፤ አንድ የቮልት መለኪያና አንድ ሳንቲም ይበቋችኋል።